ከተሃድሶ ወደ ደመወዝ፦ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የመጀመሪያ ሥራ ታሪክና የሐኪሙ ድርሻ

መግቢያ

ጎተራ ስሙን የወረሰው በአካባቢው ከተሠሩት ትላልቅ የእህል ማከማቻዎች ነው። ከለገሃር ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያመራው የቀድሞው የባቡር ሐዲድና ከእርሱ ብዙም ሳይርቅ የተዘረጋው የደብረ ዘይት መንገድ መጋዘኑን፣ ጋራዡንና ፋብሪካውን ወደዚህ የከተማዪቱ ጫፍ ስበው አመጧቸው። ከተማዪቱ ከዚያ ወዲህ ጎተራን አልፋ ብዙ ርቃ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው የመንገድ ማሳለጫና በዙሪያው የተገነቡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሰፈሩን መልክ ቢለውጡትም፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ጋር የሚዋሰንበት ይህ አካባቢ ዛሬም ብዙ ሰው ለእንጀራው የሚወጣበትና የሚገባበት ነው። በዚያው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሌላው ወገን ደግሞ ካዛንቺስ ይገኛል። ካዛንቺስ እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ በመሆኑ፣ ስለ ልማት፣ ስለ ሥራና ስለ ሰብአዊ መብት እጅግ ብዙ የተመከረበት ሰፈር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ በእነዚህ ሁለት ሰፈሮች መካከል ያለውን ርቀት ይመለከታል። በካርታ ላይ ሲለካ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በካዛንቺስ አዳራሽ የተነበበ የመብት ቃል፣ በጎተራ መጋዘን የደመወዝ መክፈያ መዝገብ ላይ የአንድ አካል ጉዳተኛ ወጣት ስም ሆኖ እስኪጻፍ ድረስ የሚጓዘው መንገድ ረጅም ነው። የሙያ ኮሌጅ ትምህርቱን ያጠናቀቀ ወጣት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ የሚያገኘው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ማስረጃውን ብቻ ሳይሆን «የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት» የሚል መሥፈርት ይዟል። ጤናማ አካል ያለው ወጣት ይህን የመጀመሪያ ልምድ በዘመድ ሱቅ፣ በቀን ሥራ ወይም በጓደኛ አማካይነት ሊያገኝ ይችላል። ዓይነ ስውሩ፣ መስማት የተሳነው፣ በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሰው ወጣት ግን ይህ በር በአመዛኙ ዝግ ነው።

የአገራችንን ሕግና የሕክምና ተቋማት ታሪክ መለስ ብለን ስንመለከት፣ አካል ጉዳተኛውን ከተረጂነት ወደ ሠራተኛነት ለማሸጋገር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ብዙ እንደተደከመ እንረዳለን። ከዚህ ድካም መካከል ሳይሸፈን የቀረው ክፍል ከትምህርት ቤት ወደ ሥራ የሚያሸጋግረው አጭር ጊዜ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክፍተቱ እንዴት እንደተፈጠረ በታሪክ መነጽር ማሳየትና ለመዝጋት የሕክምና ባለሙያው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማመልከት ነው።

እጅ ከዳነ በኋላ

በአካል ጉዳትና በሥራ መካከል ያለው ግንኙነት በሕክምና ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ከታየባቸው በሽታዎች አንዱ የሥጋ ደዌ ነው። በሕንድ የተወለዱት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ዶክተር ፖል ብራንድ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ሕንድ ቬሎር ከተማ በሥጋ ደዌ የታጠፉ ጣቶችን ጅማት በማዛወር ማቃናት ጀመሩ። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ነገር ግን እጃቸው የተቃናላቸው ሕሙማን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሥራ የሚሰጣቸው አላገኙም፤ እጃቸው በመቃናቱ ደግሞ መጽዋቹ እንደ ቀድሞው አልራራላቸውም። ሐኪሙ የእጅ መዳን ብቻውን የሰውዬው መዳን አለመሆኑን የተረዱት በዚህ ጊዜ ነበር። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1951 ሕሙማኑ ሙያ የሚማሩበትንና ሠርተው የሚለማመዱበትን «አዲስ ሕይወት» የተሰኘ ማዕከል በቬሎር አቋቋሙ።

ይህ ልምድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የተመሠረተውና አለርት በሚል አጭር ስሙ የምናውቀው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ተሃድሶና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲቋቋም፣ ዶክተር ብራንድ ለምሥረታው ከደከሙት ሰዎች መካከል ነበሩ። በማዕከሉ ስም ውስጥ ተሃድሶ የሚለው ቃል መግባቱ በራሱ ትርጉም አለው። በሽታውን ማዳን፣ ጫማና ሰው ሠራሽ አካል መሥራት፣ የዕደ ጥበብ ሙያ ማስተማር የአንድ ሥራ የተለያዩ ደረጃዎች መሆናቸው በማዕከሉ አሠራር ታይቷል።

ከአለርት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ በመናገሻ የተቋቋመው የቼሻየር ማዕከል በፖሊዮ ምክንያት እግራቸው ለተጎዳ ሕፃናት የፊዚዮቴራፒና የድጋፍ መሣሪያ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። አገራችን የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1980 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ የፖሊዮን ጉዳት ተሸክሞ ነው ትምህርት ቤት የገባው። በሌላ በኩል የሰበታው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ብሬል የሚያነቡ ወጣቶችን ማፍራት ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1960 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርም የአባላቱን የትምህርትና የሥራ መብት ማስተጋባት ጀመረ።

እነዚህ ተቋማት ያደረጉት አስተዋፅኦ ከፍተኛ ነው። ሆኖም ሆስፒታሉ ሲያሰናብት፣ ትምህርት ቤቱም ሲያስመርቅ፣ ወጣቱን ተቀብሎ የመጀመሪያውን ደመወዝ የሚከፍል ሦስተኛ ወገን በአሠራሩ ውስጥ አልነበረም። በግል ጥረታቸው መምህራን፣ የሕግ ባለሙያዎችና የስልክ ኦፕሬተሮች የሆኑ ዓይነ ስውራን ጥቂት አይደሉም። የእነርሱ ስኬት ግን በአብዛኛው የግል ብርታት ውጤት ስለነበር ለተከታዮቻቸው የተጠረገ መንገድ ሊሆን አልቻለም።

ሦስት ትርጓሜዎች

አንድ ሕግ የሚመለከተውን ሰው እንዴት እንደሚተረጉም መመርመር፣ ያ ዘመን ስለዚያ ሰው የነበረውን አስተሳሰብ ያሳያል። በአገራችን ስለ አካል ጉዳተኞች የወጡ ሦስት ሕጎች በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራሉ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣውና የአካል ጉዳተኞች ተሃድሶ ድርጅትን ያቋቋመው ትእዛዝ ቁጥር 70 ነው። ትእዛዙ አካል ጉዳተኛን የተረጎመው በአካሉ ወይም በአእምሮው ጤንነት ጉድለት የተነሣ መተዳደሪያውን ሊያገኝ የማይችልና የሚረዳውም የሌለው ሰው ብሎ ነው። በልጅነት ወይም በእርጅና ምክንያት ሠርቶ ማደር የማይችለውም በዚሁ ትርጓሜ ውስጥ ተካትቷል። እንግዲህ በዚህ አገላለጽ መሠረት ሠርቶ የሚያድር አካል ጉዳተኛ ጨርሶ የለም፤ ሠርቶ ካደረ ከትርጓሜው ይወጣልና። ለዘመኑ መንግሥታዊ ተቋም ማቋቋም ትልቅ እርምጃ እንደነበር ባይካድም፣ መነሻው ረዳት ለሌለው ችግረኛ መድረስ እንጂ ሠራተኛን ማፍራት አልነበረም።

ሁለተኛው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 101 ነው። በዚህ ጊዜ አገሪቱ ከረጅም ጦርነት የወጣችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ሥራ የጀመረበት ወቅት ነበር። በዚያው በ1991 ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ አካል ጉዳተኞች የሙያ ተሃድሶና ሥራ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣውን ስምምነት ቁጥር 159 አጽድቃለች። አዋጁ አካል ጉዳተኛን የተረጎመው ማየት፣ መስማት ወይም መናገር የማይችል፣ እጁ ወይም እግሩ የተጎዳ፣ ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሰው በማለት ነው። ትኩረቱ ከችግረኛነት ወደ አካል ክፍሎች ተሸጋገረ ማለት ነው። የመሥራት መብት በግልጽ ታወቀ። ይሁን እንጂ ሕጉ ለአካል ጉዳተኞች ተብለው የሚለዩ የሥራ መደቦችን በማሰቡ፣ ከእነዚያ መደቦች ውጭ ያለው ሥራ አይመለከታቸውም የሚል ስሜት ሳያሳድር አልቀረም።

ሦስተኛው በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ሲሆን፣ የቀደመውን ሕግ ድክመት በመግቢያው ላይ በግልጽ ተችቷል። ሥራን ለይቶ መከለሉ አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው ሊሠሩ አይችሉም የሚል ገጽታ እንደፈጠረ ያስረዳል። አዲሱ ትርጓሜ የጉዳቱን ዓይነት ከመዘርዘር አልፎ፣ አካል ጉዳተኛ ማለት በአካል፣ በአእምሮ ወይም በስሜት ሕዋሳት ጉዳት ላይ ኅብረተሰባዊ፣ ኢኮኖሚያዊና ባህላዊ መድልዎ ተጨምሮበት እኩል የሥራ ዕድል ያጣ ሰው መሆኑን ይገልጻል። በዚህ መሠረት ችግሩ በእግሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በደረጃው ላይም፣ በዓይኑ ላይ ብቻ ሳይሆን በቅጥር ኮሚቴው አስተሳሰብም ላይ ነው። አሠሪው የሥራውን ቦታና መሣሪያ የማመቻቸት ግዴታ ተጣለበት። አመልካቹ ተፈላጊውን ችሎታ አሟልቶ ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲያገኝ ቅድሚያ እንዲሰጠውም ተደነገገ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 ጸደቀ። የስምምነቱ አንቀጽ 27 ተዋዋይ መንግሥታት አካል ጉዳተኞች በክፍት የሥራ ገበያ ውስጥ የሥራ ልምድ እንዲያገኙ ማበረታታት እንዳለባቸው በስም ጠቅሶ ያዛል።

ከእነዚህ ሦስት ሕጎች ዕድገት የምንረዳው ሐሳቡ ትክክለኛውን አቅጣጫ ይዞ መሄዱን ነው። ነገር ግን «ተቀራራቢ ውጤት» የሚለውን የ568ን ድንጋጌ ልብ ብለን ብንመለከተው ክፍተቱ ይገለጥልናል። ውጤት ከሚሞላባቸው ነጥቦች አንዱ የሥራ ልምድ ነው። ልምድ የሌለው ወጣት መጀመሪያውኑ ለፈተናው አይጠራም፤ ካልተጠራ ደግሞ ውጤቱ ሊቀራረብ አይችልም። ስለዚህ ሕጉ የከፈተው በር ጥሩ በር ቢሆንም ወደ በሩ የሚያወጣው ደረጃ ገና አልተሠራም ማለት ነው።

ሕክምና ወይስ ሥራ?

ለሐኪሞች ልዩ ትርጉም ያለው አንድ የሕግ ነጥብ እዚህ ላይ መነሣት ይገባዋል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 42፣ እርሱን የተካው የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377፣ ከዚያም የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ሦስቱም ለአስተዳደግ፣ ለሕክምና፣ ለእንክብካቤ ወይም ለተሃድሶ ተብለው የሚደረጉ ውሎችን ከአዋጁ ተፈጻሚነት ወሰን ውጭ አድርገዋል። ለማስተማር ወይም ለማሠልጠን የሚደረግ ውልም እንዲሁ ከወሰኑ ውጭ ነው፤ የሙያ መልመጃ ውል ብቻ ሲቀር።

የዚህን ልዩነት ውጤት በምሳሌ እንመልከት። አንዲት መስማት የተሳናት ወጣት በአንድ የተሃድሶ ማዕከል ውስጥ ልብስ ብትሰፋ በሕጉ ዓይን በእንክብካቤ ሥር ያለች ሰው ናት። የምታገኘው ገንዘብ ቢኖር የኪስ ገንዘብ ነው፤ መርፌው ጣቷን ቢጎዳው በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት መሆኑ ያከራክራል። ያችው ወጣት ያንኑ ልብስ በጎተራ አካባቢ በሚገኝ የስፌት ድርጅት ውስጥ በሙያ መልመጃ ውል ብትሰፋ ግን ነገሩ ይለወጣል። እንዲህ ያለው ውል በጽሑፍ ሊደረግና በሚመለከተው የመንግሥት አካል ሊረጋገጥ ይገባል፤ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለውን ገንዘብና የሥራውን ሁኔታ መግለጽም አለበት። ክርና መርፌው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የሠራተኛነት ማዕረግ ያገኘችው በውሉና በክፍያው ነው።

የሙያ መልመጃ ውል በሕጋችን ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀምጧል። የተማሪውን የመጀመሪያ ሥራ በክፍያ ለማስጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ያለውን መሣሪያ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ማዋል ነው።

የተማሪ ሥራ በአገራችን

ተማሪን እያስተማሩ ማሠራትና ለሥራው ገንዘብ መክፈል በኢትዮጵያ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ፕሮግራም ሲጀምር፣ እያንዳንዱ ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ተደረገ። አብዛኞቹ በመምህርነት የሠሩ ሲሆን ለኑሯቸው መጠነኛ አበል ይከፈላቸው ነበር። ከእነዚያ ተማሪዎች ብዙዎቹ በኋላ ዘመን ስለዚያ ዓመት ሲናገሩ ከመማሪያ ክፍል ያላገኙትን ዕውቀት እንዳገኙበት ይመሰክራሉ።

የጤና ሙያም ከዚህ የተለየ ታሪክ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ጤና ጣቢያ ልኮ በተግባር ያስተምር ነበር። እኛ ራሳችን ሐኪም የሆንነው የመማሪያ መጽሐፍ ስለ ጨረስን ብቻ አይደለም። በመጨረሻው ዓመት ኢንተርን ተብለን በዋርድና በድንገተኛ ክፍል ሌሊቱን ስላነጋን፣ ከአዛውንት ሐኪም እግር ሥር ስለተማርን ነው። ለኢንተርን ሐኪም ክፍያ ይሰጠዋል፤ የገንዘቡ መጠን ያከራክር ይሆናል እንጂ መከፈሉ ተገቢ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ለራሳችን ሙያ ተገቢ ሆኖ ያገኘነው ሥርዓት ለሌላው ወጣት ቅንጦት ሊሆን አይችልም።

በሙያ ትምህርት ረገድም የአገሪቱ ስትራቴጂ የትብብር ሥልጠና የሚባለውን አሠራር ተቀብሏል። በዚህ አሠራር ከሥልጠናው ጊዜ 70 በመቶው በድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶው በኮሌጁ ውስጥ እንዲሰጥ ታስቧል። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ለአካል ጉዳተኛው ሠልጣኝ ሁለት እንቅፋት አለበት። አንደኛው፣ ድርጅቱ ሠልጣኙን ለመቀበል ሲያንገራግር ኮሌጁ የሚያስገድድበት አቅም አነስተኛ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ልምምዱ በአብዛኛው ያለ ክፍያ መሆኑ ነው። ጤናማው ሠልጣኝ በሁለት ታክሲ የሚደርስበትን ቦታ፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀመው ኮንትራት ታክሲ ይዞ፣ ዓይነ ስውሩም መሪ አስከትሎ ነው የሚደርስበት። ያለ ክፍያ የሚደረግ ልምምድ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቢመስልም ለአካል ጉዳተኛው ከኪሱ የሚያስወጣ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተጀመሩ ጥረቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከል ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆችና ቀጣሪዎች አካል ጉዳተኞችን እንዲያካትቱ ማገዝ ነው። ከማዕከሉ መሥራቾች መካከል የሆኑት የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመታቸው በማጅራት ገትር በሽታ የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በአማራ ክልል ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 በጀመረው ፕሮግራም ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች የትምህርት ዕድል ይሰጣል፤ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርትም ከፍቷል። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ሰው የዕለት ተግባሩንና ሥራውን መልሶ እንዲያከናውን የሚያግዝ ሙያ በመሆኑ፣ ከሆስፒታል ወደ ሥራ በሚወስደው መንገድ ላይ ለረጅም ጊዜ ባዶ የነበረውን ቦታ ይሞላል ተብሎ ይጠበቃል።

ክፍያው ለምን?

አንዳንድ ቀና አሳቢዎች «ዋናው ልምዱ ነው፤ ገንዘቡ ኋላ ይደርሳል» ይላሉ። ይህ አስተያየት ሦስት ነገሮችን የዘነጋ ነው።

በመጀመሪያ፣ በአገራችን በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ልምድ ተብሎ የሚያዘው ደመወዝ የተከፈለበትና የሥራ ግብር የተቆረጠበት አገልግሎት ነው። ያለ ክፍያ የሠራ ወጣት የምስጋና ደብዳቤ ያገኝ ይሆናል፤ ይህ ደብዳቤ ግን በቅጥር ኮሚቴ ፊት ሚዛን አይደፋም። ሁለተኛ፣ ቀደም ሲል እንዳየነው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ካሣ የማግኘት መብት ከሠራተኛነት ጋር የተያያዘ ነው። ሦስተኛ፣ ክፍያ አሠሪውን ራሱን ይለውጠዋል። በነፃ የተቀበለውን ሰው ጥግ አስቀምጦ ሊረሳው ይችላል፤ የሚከፍለውን ሰው ግን ምን እንደሠራ ይጠይቃል፣ እንዲሠራም መሣሪያውን ያመቻቻል።

በሌላው ዓለም የተገኘው ልምድም ይህንኑ ያጠናክራል። እንግሊዝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳትወጣ እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጣችው ሕግ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው አሠሪዎች ከሠራተኞቻቸው 3 በመቶው አካል ጉዳተኞች እንዲሆኑ አዘዘች። ኮታው በተግባር እየላላ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ የፀረ መድልዎ ሕግ ተተካ። በአሜሪካ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የሥራ ሕግ አካል ጉዳተኞች ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል በታች እንዲከፈላቸው የሚፈቅድ ድንጋጌ በመያዙ፣ ሠራተኛው ለዓመታት «በመለማመድ ላይ» ተብሎ የሚቀርበት አሠራር አስከትሏል። ያው አገር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሕግ ግዛቶች ለሙያ ተሃድሶ ከሚያገኙት የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 15 በመቶውን አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ለሥራ ለማዘጋጀት እንዲያውሉ ግዴታ ጣለ። በሕጉ ከተዘረዘሩት አምስት አገልግሎቶች አንዱ ተማሪው ገና በትምህርት ላይ ሳለ በሥራ ቦታ የሚያገኘው ልምድ ነው። ለውሳኔው መነሻ ከሆኑት ምክንያቶች መካከል በተማሪነት ዘመናቸው በክፍያ የሠሩ አካል ጉዳተኞች ከትምህርት በኋላ ሥራ የመያዝ ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን ያሳዩ ተከታታይ ጥናቶች ይገኙበታል።

ለሐኪም አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የተጀመረው በሆስፒታል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ የሕፃናት ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ነርስ ኤሪን ሪህል፣ ሆስፒታሉ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሕፃናት እያከመ ሲያድጉ ግን አንዳቸውንም የማይቀጥር መሆኑ አሳሰባቸው። የድንገተኛ ክፍሉን የሕክምና ዕቃዎች በየቦታቸው የመሙላት ሥራ ትክክለኛነትንና የማይሰለች ሰውን የሚጠይቅ በመሆኑ ከዚያ ጀመሩ። ፕሮጀክት ሰርች የተባለው ይህ አሠራር ተማሪዎች የመጨረሻውን የትምህርት ዓመታቸውን በሆስፒታል ክፍሎች እየተዘዋወሩ እንዲሠሩ የሚያደርግ ሲሆን፣ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። በቨርጂኒያ ግዛት ኦቲዝም ባለባቸው ወጣቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ በዕጣ የተከፋፈለ ጥናት፣ በፕሮግራሙ ካለፉት 24 ወጣቶች 21ዱ ሥራ ሲይዙ ከማነጻጸሪያው ቡድን 16 ወጣቶች ሥራ የያዘው 1 ብቻ ነበር። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የፕሮግራሙ የልምምድ ጊዜ በአብዛኛው ያለ ክፍያ መሆኑ ሲያስተች መቆየቱንም ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። በትራንስፖርትና በኑሮ ወጪ ለሚጨነቀው የአዲስ አበባ ወጣት አሠራሩ ሲወሰድ ክፍያውን ጨምሮ መሆን ይኖርበታል።

የሐኪሙ ድርሻ

ሐኪሙ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው አይደለም። ቢያንስ በአራት ቦታዎች ላይ ይገኛል።

አንደኛው የጤና ምርመራ ማስረጃ ነው። ተቀጣሪው ለሥራ ብቁ መሆኑን የሚገልጸው ወረቀት የሚፈረመው በሐኪም እጅ ነው። «ብቁ ነው» ወይም «ብቁ አይደለም» ከሚሉት ሁለት ቃላት አንዱን ብቻ መጻፍ ቀላል ቢሆንም የ1986ቱን የአስተሳሰብ ዘመን የሚያስታውስ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ሕግ መንፈስ ጋር የሚስማማው ግን ወጣቱ የሚችለውን ተግባር፣ የሚያስፈልገውን ማመቻቻና ሊጠነቀቅበት የሚገባውን ሁኔታ ለይቶ መጻፍ ነው። በአንድ እግሩ ላይ ድጋፍ የሚያስር ወጣት ከባድ ዕቃ መሸከም ባይችል የዕቃ ቆጠራና የምዝገባ ሥራ ከመሥራት የሚያግደው የለም። አንድ ተጨማሪ መስመር መጻፍ ለሐኪሙ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሲሆን ለወጣቱ የመጀመሪያው ደመወዝ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ስለ ሥራ መነጋገር ያለብን ሕክምናው ሲያበቃ ሳይሆን ገና ሲጀመር ነው። የአከርካሪ ጉዳት የደረሰበት የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ አልጋ ላይ ሳለ ትምህርቱን እንደሚቀጥልና ሊሠራ እንደሚችል ከሐኪሙ አፍ መስማቱ ከመድኃኒቱ የማያንስ ፋይዳ አለው። ቤተሰብም ልጁን ከቤት እንዲያወጣ የሚደፍረው ብዙ ጊዜ የሐኪሙን ቃል ሲሰማ ነው።

ሦስተኛው፣ ሆስፒታል ራሱ ትልቅ አሠሪ መሆኑ ነው። ካርድ ክፍል፣ መድኃኒት መጋዘን፣ ልብስ ማጠቢያ፣ እንግዳ መቀበያ፣ የስልክና የኮምፒውተር ክፍል፣ የዕቃ ማምከኛ፣ እነዚህ ሁሉ በሥርዓትና በትጋት የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። በቂርቆስና በዙሪያው የሚገኙ የመንግሥትና የግል ሆስፒታሎች እያንዳንዳቸው በየዓመቱ ጥቂት አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን በሙያ መልመጃ ውል በክፍያ ቢቀበሉ፣ ሌላውን አሠሪ ከመምከራቸው በፊት አርአያ ይሆናሉ። ሕንጻዎቻችንም ሊፈተሹ ይገባል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ አገልግሎት መስጫ ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ያዛል። ለታካሚው የተሠራው ተዳፋት መወጣጫ ለሠራተኛውም ያገለግላል።

አራተኛው መረጃ መያዝ ነው። የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአካል ጉዳተኞችን ቁጥር ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ሲያደርገው፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ለኢትዮጵያ የተሰጠው ግምት 17.6 በመቶ ነበር። ይህ ሰፊ ልዩነት በአመዛኙ የመጣው ከአጠያየቁ ነው። «አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስና «ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ ይቸገራሉ ወይ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ አንድ አይደለም። የተሃድሶ ክፍሎቻችን የታካሚውን የእግር እርምጃ እንደሚመዘግቡ ሁሉ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በትምህርት ወይም በሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን ቢመዘግቡ የሕክምናችንን እውነተኛ ውጤት እናውቅ ነበር።

ማጠቃለያ

እ.ኤ.አ. በ1971 ሕጋችን አካል ጉዳተኛን ሠርቶ ማደር የማይችል ሰው ብሎ ጠራው። በ1986 ዓ.ም. አካሉ የጎደለ ሠራተኛ ብሎ ተቀበለው። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ዕድሉ በመድልዎ የጠበበበት ዜጋ መሆኑን አመነ። ይህ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የተከናወነ ታላቅ ለውጥ ነው። የቀረው ሥራ ከእነዚህ ያነሰ ቢመስልም ያለ እርሱ የቀደሙት ሁሉ ፍሬ አያፈሩም። ተማሪው ገና በትምህርት ላይ ሳለ የመጀመሪያውን የሥራ ውል ይፈርም፤ የመጀመሪያውን ደመወዝ ይቀበል፤ ከተመረቀም በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ሲቆም የሚያቀርበው የልምድ ማስረጃ ይኑረው።

ለዚህ የሚያስፈልጉት ነገሮች በእጃችን ናቸው። የሙያ መልመጃ ውሉ በሕጋችን ውስጥ አለ፤ የትብብር ሥልጠናው በኮሌጆቻችን ተቀርጿል፤ የሥራ ልምድ የማግኘት መብት ባጸደቅነው ስምምነት ተጽፏል። እያሠሩ የማስተማር ባህሉም ከጎንደር ኮሌጅ ጀምሮ የራሳችን ሙያ ባህል ነው። የሕክምና ማኅበራችን አባላት በየሆስፒታላቸው አንድ የካርድ ክፍል፣ አንድ መጋዘን፣ አንድ ላቦራቶሪ ለአንድ አካል ጉዳተኛ ተማሪ በክፍያ ቢከፍቱ ከካዛንቺስ እስከ ጎተራ ያለው መንገድ በዚያው ልክ ያጥራል።